«ቤቶች!» ብላ የምትበር ተርብ

እህቴ ከጂዳ ስትመጣ የያዘችልኝን ዕቃ ቦሌ ላይ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ሲሏት «የፀጉር ማድረቂያ» ብላ አለፈች። እንዴት እንዳመኗት እስከ ዛሬ አይገባኝም። አራት ክንፍ ያለው፣ ሆዱ ላይ አንዲት ዓይን የተገጠመችለት የፀጉር ማድረቂያ ያየ ሰው ካለ ይምጣና ይንገረኝ። እሷ ግን በዚያ በረጋ ፊቷ ስትዋሽ እኔም አምናታለሁ።

«አንቺ ካርታ አይደል የምታስተምሪው?» አለችኝ መርሳ ከተማ ቤቴ ድረስ መጥታ አልጋዬ ላይ ስትዘረግፈው። «እንግዲህ ከላይ ሆነሽ እያትና አስተምሪ።»

ድሮን ነበር። ከሰሃን የማይበልጥ፣ ከስልክ ጋር ተገናኝቶ ከሰማይ ላይ ፎቶ የሚያነሳ። ያኔ ድሮን የሚለው ቃል ሰው አያስደነግጥም ነበር፤ እንዲያውም ብዙው ሰው ቃሉን አያውቀውም። ጦርነቱ ገና አልመጣም።

እኔ የወልዲያ ልጅ ነኝ። መርሳ የመጣሁት የጂኦግራፊ መምህርት ሆኜ ተመድቤ ነው። «ሁለት ዓመት ሠርቼ እቀየራለሁ» ያልኩባት ከተማ ማንጎዋን እያበላች አስራ ስድስት ዓመት አቆየችኝ። ባልም ልጅም የለኝም፤ ቁጣ ግን ሞልቶኛል። ተማሪዎቼ ከኋላዬ «በርበሬ» እንደሚሉኝ የማላውቅ ይመስላቸዋል። አርባ ዓመት እስኪያልፈኝ እጄ ከጠመኔ በቀር ሌላ ነገር ይዞ አያውቅም ነበርና መጫወቻ ሳገኝ አበድኩ።

የመጀመሪያ ቀን ሳስነሳት ጥዝዝ ብላ ወጣችና የገዛ ቤቴ ቆርቆሮ ላይ ተከሰከሰች። በሁለተኛው ቀን ዶሮዎቼን በተነች፤ አንዷማ ሳምንት ሙሉ እንቁላል አልጥልም ብላ አኮረፈች። በሦስተኛው ጭልፊት ተከተላት። እኔ መሬት ላይ ሆኜ «ተዋት! ተዋት አንተ!» እያልኩ ለጭልፊቱ ድንጋይ ስወረውር መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ያየኛል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ የእኔ ሥራ ማፍሰስና መልቀም ሆነ። የሰፈሩ ሰው «የመምህርቷ ተርብ» አላት፣ ስሙም ጸደቀላት።

ቀስ በቀስ ግን እጄ ለመደ። አንድ ቀን ከፍ አድርጌ ሰቀልኳትና ስልኬ ላይ መርሳን አየኋት። አስፋልቱ ከውርጌሳ በኩል መጥቶ ከተማዋን ሰንጥቆ ወደ ሲሪንቃና ወልዲያ ይሄዳል። ግራና ቀኙ ቆርቆሮ፣ ከቆርቆሮው ጀርባ የማንጎው ጥቁር አረንጓዴ፣ ከዚያ ሽንኩርቱ፣ ከዚያ ማሽላው። በዚያ ሁሉ መሀል የመስኖው ቦይ ፀሐይ እያበራበት ይጠማዘዛል። አስራ ስድስት ዓመት የኖርኩባትን ከተማ ገና ያን ቀን አየኋት። ወይ ጉድ! ለብቻዬ እልል አልኩ።

ከጓሮዬ በስተጀርባ፣ በአንድ ትልቅ ማንጎ ብቻ ተለያይተን፣ የውሃ አባታችን ይኖራሉ። የውሃ አባት ማለት በቦዩ የሚመጣውን ውሃ ለገበሬው በተራ የሚያከፋፍል፣ ተራ የሰረቀውን የሚቀጣ፣ የተጣላውን የሚያስታርቅ ሽማግሌ ነው። ባለቤታቸውን «እማማ» ነው የምላቸው። ለኢድ እኔ ቤት እሳት አይነድም፤ ለፋሲካ ደግሞ የእሳቸው የፓፓያ ቅርጫት ከእኔ ዶሮ ቀድሞ ይደርሳል። እንዲህ ያለ ጉርብትና ነበረን።

እና እኔ ሞኟ አንድ ጠዋት ተርቧን በእነሱ ጓሮ ላይ አሳለፍኳት። እማማ ፀጉራቸውን እየታጠቡ ነበር። በገዛ አጥራቸው ውስጥ፣ ሻሻቸውን ፈትተው፣ ጎንበስ ብለው። ተርቧ ከላይ ቆመች። እማማ ቀና አሉ። እኔ ደግሞ ምን እንደያዘኝ እንጃ ጣቴ ነካው፤ ፎቶው ተነሳ። ጩኸታቸውን ለመስማት ስልክ አላስፈለገኝም።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ በሬ ላይ «ቤቶች!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የውሃ አባታችን ናቸው። ከሀፍረቴ ብዛት አልመለስኩም። «ቤቶች!» አሉ ደግመው። አሁንም ዝም። በሦስተኛው «ቤቶች!» ሲሉ ግን ሆዴ አልቻለም፤ «ግቡ» አልኩ በቀጭን ድምፅ።

ገቡ፤ አልተቀመጡም።

«አየሽ ልጄ» አሉኝ በከዘራቸው መሬቱን እየነኩ፣ «በርሽ ክፍት ነበር። ዝም ብዬ ብገባ ማን ይከለክለኛል? ግን ቆሜ ጠራሁ። በእኛ ደንብ ሰው ሰው ቤት ሲሄድ ሦስት ጊዜ ይጣራል። ግቡ ካሉት ይገባል፣ ዝም ካሉት ይመለሳል፤ ቅርም አይበለው። በበር የሚመጣው እንዲህ ከሆነ፣ በጣራ የሚመጣውስ?»

እኔ፣ በርበሬዋ፣ ስልኬን አወጣሁ። ፎቶውን ፊታቸው ደመሰስኩት። «እሷንም እሰብራታለሁ፣ አባባ» አልኳቸው፤ እንባዬ ሊመጣ ደርሶ ነበር።

«አትስበሪያት። ዕቃዋ ምን አጠፋች? ይልቅ መጣራት አስተምሪያት።» ጢማቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ። «ሰማይም እንደ ውሃ ነው። የሁሉም ነው፤ የሁሉም የሆነ ነገር ደግሞ ተራ ይፈልጋል። ተራሽ ቅዳሜ ይሁን። ሦስቴ ትጠሪያለሽ፤ ግቡ ስንልሽ ታስነሻታለሽ። ዝም ካልንሽ ትተያታለሽ።»

የውሃ አባታችን ሰውን በስሙ አይጠሩም፤ በውሃ ተራው ነው የሚጠሩት። ማክሰኞ ውሃ የሚደርሰው ገበሬ «ማክሰኞ» ነው፣ የሐሙሱ «ሐሙስ»። «ረቡዕን ላም ወጋችው»፣ «ማክሰኞ ሁለተኛ ሊያገባ ነው» ሲሉ የማያውቃቸው ሰው ግራ ይገባዋል። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ «ቅዳሜ» ሆንኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ተርቧን መሬት ላይ አስቀምጬ፣ እጄን አፌ ዙሪያ አድርጌ «ቤቶች!» እላለሁ። በዓለም ላይ ሌላ ድሮን አብራሪ እንዲህ የሚያደርግ ከኖረ እጄን ይጨብጠኝ። መጀመሪያ ሰሞን ከማንጎው ማዶ የሚመጣው የእማማ «ግቡ» የጎመዘዘ ነበር። በወሩ ጣፈጠ። በሁለተኛው ወር እማማ የኢድ ሻሻቸውን አስረው ግቢው መሀል ቆመው ይጠብቁኝ ጀመር። ተርቧ ስትመጣ ቀና ብለው፣ እጃቸውን ዘርግተው፣ ደጃፋቸው ላይ ለቆመ እንግዳ እንደሚሉት «ግቡ! ግቡ!» ይሏታል። ፎቶውን ሳሳያቸው «አፍንጫዬን አተለቅሽው» ብለው ይቆጡኛል።

አንድ ነገር ብቻ ነበር። እማማ ጆሯቸው ትንሽ ከብዷል። የሰው ድምፅ ያመልጣቸዋል፤ የተርቧ ጥዝዝታ ግን ምን እንደሆነ እንጃ አያመልጣቸውም። አንዳንድ ቅዳሜ ጥሪዬን ሳይሰሙ ሲቀሩ ባለቤታቸው ይመልሱልኛል። እማማ ጥዝዝታው ሲደርሳቸው «ውይ፣ ሳልሰማ!» እያሉ ከቤት ይሮጣሉ፤ ዘግይተውም ቢሆን ለሰማዩ «ግቡ! ግቡ!» ይላሉ። እንግዳ ደጅ ቆሞ እንዳያፍር ነው።

ጨዋታው ከአጥር አጥር ተዛመተ። የውሃ አባታችን ፎቶዎቹን እያሰፉ ማን ቦዩን ሸንቁሮ ውሃ እንደጠለፈ ያያሉ። «ረቡዕ፣ ና እስቲ፣ ይሄ ምንድን ነው?» ሲሉት ረቡዕ ላብ በላብ ይሆናል። ከሁሉም የከፋው ግን ከሰፈራችን ግርጌ ካለው ወንዝ ማዶ የሚያርሰው ሐሙስ ነው። ገና «ቤቶች!» ስል እሱ ከማዶ ቀድሞ «ግቡ!» ይላል። ከዚያ በሬዎቹን ያቆምና ሽንኩርቱ ዳር በጀርባው ይጋደማል፤ እጅና እግሩን ዘርግቶ፣ ነጠላ ጫማውን አውልቆ። ቆሞ ፎቶ ከተነሳ ከላይ ሲያዩት ባርኔጣ ብቻ ስለሚመስል ነው። «ሙሉ ሰው መሆኔ ይታይ እንጂ!» ይላል። ሚስቱ በሳቅ ትሞታለች። በሁሉም የቅዳሜ ፎቶዎቼ ውስጥ አንድ ጥግ ላይ የተጋደመ ሐሙስ አለ።

ጦርነቱ ሲጀመር ወደ ሰሜን ነበርና ሩቅ መሰለን። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። የሚበር ነገር ማስነሳት ክልክል ሆነ፤ ተርቧን ካርቶኗ ውስጥ አስገብቼ ከአልጋዬ ሥር አኖርኳት። እማማ ቅዳሜ ቅዳሜ በአጥሩ ብቅ እያሉ «አታወጫትም?» ይሉኛል። «ክልክል ነው እማማ።» «እስቲ ትንሽ ብቻ።» «እማማ!» «እሺ፣ እሺ፤ አንቺ ደግሞ ስትቆጪ!»

በቀጣዩ ክረምት ወልዲያ ተያዘች። ከዚያ የእኛም ተራ ደረሰ። ሰው ልጁንና ፍራሹን ተሸክሞ በውርጌሳ በኩል ወደ ደሴ ጎረፈ። እኔም ሻንጣዬን አስሬ ነበር። ልሰናበታቸው ስሄድ የውሃ አባታችን አካፋቸውን ይዘው ወደ ቦዩ ሲወጡ አገኘኋቸው። «አይሄዱም እንዴ?» ብላቸው «ሽንኩርቱን ማን ያጠጣዋል?» አሉኝ። ተናደድኩ። በአንድ ሽማግሌና በአንድ አሮጊት ልበለጥ? ሻንጣዬን ፈታሁና ቀረሁ። ሰው በጀግንነት ይቀራል፤ እኔ በእልህ ቀረሁ።

ተርቧ ቤቴ ውስጥ ብትገኝ ሰላይ እንደምባል ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ጓሮዬ ለክረምት ማገዶ የገዛሁት የኩበት ክምር አለ። ከሥር አፍርሼ፣ ተርቧን ከነካርቶኗ አስገብቼ፣ መልሼ ከመርኩት። እህቴ ብታየኝ ታለቅስ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም፣ ለእማማም ቢሆን። ያላወቀ አይጠየቅም ብዬ ነው፤ ብልህ የሆንኩ መስሎኝ።

መብራት የለ፣ ኔትወርክ የለ፣ ትምህርት ቤት የለ። ስልኬ የፊት መስታወት ሆነ። ከእማማ ጋር ቁጭ ብለን የማሽላ እሸት እየፈለፈልን ወሬ ስንፈተፍት እንውላለን። ፍርሃቱ ስለሰለቸን በትንሽ ነገር እንስቅ ነበር። አንድ ቀን ታጣቂዎች መጥተው ቤቴን ሲያገላብጡ አንደኛው የኩበት ክምሩ ላይ ቁጭ ብሎ አረፈ። ሲወጡ እማማ ውሃ ሰጡኝና «ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የገረጣሽ? ምን አለሽና ይወስዱብሻል?» አሉኝ። ያኔ ልነግራቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት።

ማሽላው ሊታጨድ ሲል ነው። አንድ ጠዋት ደጄ ላይ ድንች እየላጥኩ ሳለ ጥዝዝ የሚል ድምፅ መጣ። ከሩቅ፣ ከከፍታ፤ ምንም አይታይም። የማንም ይሁን የማን፣ የጦር ድሮን እንደሆነ አወቅኩ። ቢላዋዬን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። የውሃ አባታችን ቦይ ወርደዋል።

ከማንጎው ማዶ በር ሲከፈት ሰማሁ።

«ውይ፣ ሳልሰማ!»

እማማ ናቸው። በቅርንጫፎቹ መሀል የኢድ ሻሻቸው ቢጫ ሲሮጥ አየሁ። ግቢው መሀል ቆሙ፤ ቀና አሉ፤ እጃቸውን ዘረጉ።

«ግቡ! ግቡ! እሰይ ቅዳሜ፣ ጨክነሽ አወጣሻት! ግቡ!»

አፌን ከፈትኩ። «የእኔ አይደለችም እማማ፣ ይሸሸጉ!» ልል ነበር። ድምፄ እምቢ አለኝ። ሰው ሁሉ የሚፈራው፣ ከክፍል ማዶ የሚሰማው ድምፄ፣ በሚያስፈልገኝ ቀን እምቢ አለኝ።

ከዚያ መሬቱ ተናወጠ። ከወንዙ ማዶ ነበር። ሐሙስ ሞተ፤ በሬዎቹም አብረውት።

ቀብሩ ላይ የውሃ አባታችን «ሐሙስ» አላሉም። በስሙ ጠሩት፣ ሙሉ ስሙን ከነአባቱ። እሱን በስሙ ሲጠሩት ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር፤ የዚያን ጊዜ ነው መሞቱ የገባኝ።

እማማ ቀብር አልሄዱም፣ ለቅሶም አልደረሱም። ጓዳ ገብተው ቀሩ። ልጠይቃቸው ስገባ ጨለማው ውስጥ ተቀምጠዋል፣ የኢድ ሻሻቸው በሩ ኋላ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል።

«እኔ ነኝ ግቡ ያልኩት» አሉኝ።

«ኧረ እማማ! እርስዎ የማንን...»

«ወላሂ እኔ ነኝ። ደጅ ቆሞ ነበር። ግቡ አልኩት፣ ገባ።»

የውሃ አባታችን በሚያውቁት መንገድ ሊረዷቸው ሞከሩ። ቁጭ ብለው ልክ የቦይ ጸብ እንደሚዳኙ አስረዷቸው። ፈቃድ የሚሰጠው ለጠየቀ ነው፤ ቤቶች ሳይል የመጣ እንግዳ አይባልም፤ ግቡ ቢባልም ግቡ አልተባለም። እንዲህ ያለ ፍርድ ለማክሰኞና ለረቡዕ ቢሰጡ ኖሮ አመስግነው በሄዱ ነበር። እማማ ግን «ያ ቤቶች አይልም፤ እኔስ ጥሪ ሳልሰማ ምን አስወጣኝ?» አሉ። ከዚያ ወዲያ «ግቡ» የሚለው ቃል ከአፋቸው ጠፋ። ለሰማይ ብቻ አይደለም፤ ለሰውም። ደጃቸው ላይ ቤቶች ብሎ የተጣራ ሁሉ ባልየው ከሌሉ ቆሞ ቆሞ ይመለሳል። ፀጉራቸውን ጓዳ ይታጠባሉ። ከጣራ ሥር ወጥተው ሰማይ አያዩም።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ሰማይን ግቡ ማለት ያስተማርኳቸው እኔ። ተርቧ ኩበት ውስጥ መቀበሯን ብነግራቸው ኖሮ የማን ጥዝዝታ እንደሆነ ባልተምታታባቸው። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ እነሆ ተናገርኩ።

በገና ሰሞን ታጣቂዎቹ ወጥተው ከተማዋ ተመለሰች፣ ቆይቶ መብራቱም ስልኩም መጣ። የትምህርት ቤታችን ዴስኮች ግማሾቹ ማገዶ ሆነዋል፤ ተማሪዎቼን ድንጋይ ላይ አስቀምጬ የዝናብ ዓይነቶችን አስተማርኩ፣ እነሱም ደስ ብሏቸው በርበሬ አሉኝ። የኩበቱን ክምር ሳፈርሰው ተርቧን አይጥ በልቷታል። ክንፎቿ ተቀርጥፈዋል፣ ባትሪዋ አብጧል፣ ሽታዋን ተዉት። ፎቶ የምታኖርበት ካርድ ግን ደህና ነበር። ወልዲያ ሄጄ አንዱን ፎቶ አሳተምኩና ለሐሙስ ሚስት ሰጠኋት፤ ሐሙስ ሽንኩርቱ ዳር ተጋድሞ፣ ሙሉ ሰው ሆኖ። እያለቀሰች ሳቀች። «ጫማውን እይው፣ የት እንደጣለው!» አለችኝ። አንዱን ቅጂ ለእማማም ወሰድኩ። አይተው ገልብጠው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት።

ከዚያ ቅዳሜ ቅዳሜ ደጃቸው ላይ እየቆምኩ መጣራት ጀመርኩ። ያለ ተርብ፣ ባዶ እጄን። «አንቱ እንዳይመልሱልኝ» ብዬ ባልየውን አስጠንቅቄያለሁ። «ቤቶች!» ዝም። «ቤቶች!» ዝም። «ቤቶች!» ዝም ካሉኝ ደንቡ ደንብ ነው፤ ዞሬ እመለሳለሁ። እኔ፣ ባንኮኒ ላይ ሁለት ደቂቃ ከቆምኩ የምጮህ ሴት፣ ስንት ቅዳሜ እንደተመላለስኩ አልቆጠርኩም።

ከላይ የማየት አመሌ ግን አልለቀቀኝም። ስልኬን ማንጎ በሚለቀምበት ረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ በላስቲክ አስሬ፣ በየዛፉና በየጉብታው እየወጣሁ ማንሳት ጀመርኩ። ሰው ሳቀብኝ፤ ይሳቅ። አንድ ጠዋት የውሃ አባታችን መጡ። ቦዩን ከባድ መኪና ሰባብሮታል፤ ጠረጋው ከመጀመሩ በፊት የት የት እንደተደረመሰ ከላይ ማየት ፈለጉ። ከመካከላችን ካለው ማንጎ የተሻለ ማማ የለም። በእነሱ ግቢ በኩል መሰላል ደግፈው ያዙልኝ፤ ቀሚሴን በመቀነቴ ሸብ አድርጌ ወጣሁ። ልክ አናቱ ላይ ስደርስ ከታች አንድ ሰው እየሮጠ መጣ፤ ማክሰኞና ረቡዕ በአካፋ ሊፈነካከቱ ነው። «መጣሁ፣ አንድ አፍታ!» ብለው እሳቸው ወደ ቦዩ ገሰገሱ።

ፎቶዬን አነሳሁ። ከዚያ እግሬን ወደ መሰላሉ ሳወርድ በጫማዬ ጫፍ ገፋሁት። ተንሸራቶ ወደቀ፤ ሰፊው ግቢ መሀል ተዘረጋ።

ልዝለል? አጥንቴ የመምህር አጥንት ነው። ልጠብቅ? የማክሰኞና የረቡዕ ጸብ እስከ ዙህር ሶላት አያልቅም። የያዝኩት ቅርንጫፍ ቋ ቋ ማለት ጀመረ። ከታች ያለው ሰው አንድ ነው፤ እሱም ጓዳ ነው።

«ቤቶች!» አልኩ።

ዝም።

«ቤቶች! እማማ!»

ዝም። ቅርንጫፉ ቋ አለ።

ደንቡ ከሦስተኛው በኋላ ተመለሺ ይላል። ወዴት ልመለስ? ያ እምቢ ያለኝ ድምፅ በዚያ ቀን የተበደረኝን ሁሉ ከፈለኝ፤ መርሳ ሙሉ ሳይሰማኝ አልቀረም። «ቤቶች!! ኧረ ወደቅሁ!»

በሩ ተበረገደ። እማማ እግራቸው ባዶ፣ ፀጉራቸው ባዶ፣ ሽበታቸው ትከሻቸው ላይ ተበትኖ ግቢው መሀል ደረሱ። ዙሪያቸውን አዩ፣ ከዚያ ቀና አሉ። አዩኝ። ያ የደረቀ ፊት መጀመሪያ ደነገጠ፣ ቀጥሎ ተቆጣ።

«አንቺ ቅዳሜ! አብደሻል? በስተእርጅና ዝንጀሮ ሆንሽ?»

«እማማ፣ መሰላሉን...»

«ግቡ አልልም! ውረጂ ነው የምለው! ውረጂ!»

መሰላሉን እየጎተቱ አመጡት፤ ያን የሚያህል እንጨት ብቻቸውን። አስደገፉት፣ በሁለት እጃቸው ጨብጠው እግራቸውን አደላደሉ። አንድ እርከን ወረድኩ። ያኔ ከገበያው በኩል የወፍጮ ሞተር ተነሳ፤ ጥዝዝ አለ። እኔም ቆምኩ፣ እሳቸውም። ጣቶቻቸው እንጨቱ ላይ ሲነጡ ከላይ አየሁ። ዓይናቸው ከእኔ አልፎ ወደ ሰማዩ ሄደ፤ ሰማዩ ባዶ ነበር።

«ወፍጮ ነው እማማ» አልኳቸው።

«አውቃለሁ።» ድምፃቸው ተንቀጠቀጠ። መሰላሉ ግን አልተንቀጠቀጠም። «ይዤሻለሁ፤ ውረጂ።»

ወረድኩ። መሬት ስነካ እዚያው ቁጭ አልኩ። እየሳቅኩ ይሁን እያለቀስኩ አላውቅም። እማማ እጃቸውን ወደ ራሳቸው ሰደዱ፤ ፀጉራቸው ባዶ መሆኑ ያን ጊዜ ታወቃቸው። ወደ በሩ ዞር አሉ። ወደ ጓዳ ሊመለሱ ነው ብዬ ፈራሁ።

አልተመለሱም። ከማንጎው ሥር ያለችው ድንጋይ ላይ፣ ፀሐዩ የሚያርፍባት ላይ፣ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«ሻሼን አምጪልኝ» አሉኝ። «ቢጫውን። ከበሩ ኋላ ነው።»

ተነስቼ ሄድኩ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ውስጥ ማንም የለም። የልማድ ነገር ሆኖ ደፉ ላይ ቆሜ ለባዶው ቤት «ቤቶች!» አልኩ።

ከኋላዬ፣ ከግቢው፣ እማማ «ግቢ» አሉኝ።